በአንድ እጅ አማርኛ መተየብ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ከጣና ዳር በማይርቅ አንድ ትንሽ ቤት ውስጥ ማመልከቻና የኪራይ ውል እየተየብኩ ቤተሰቤን አስተዳድር ነበር። ባለፈው ክረምት ከባጃጅ ወድቄ ቀኝ እጄ ከተጎዳ ወዲህ ግን በግራ እጄ ብቻ አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ጣቶችን በአንድነት በመጫን የሚጻፍበት የአንድ እጅ ኪቦርድ መኖሩን ሰምቻለሁ። አማርኛ ይጽፋል? ለመልመድስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ይማርዎ። አዎን፣ ይጽፋል።

አምስት ቁልፍ ያለው እንዲህ ያለ ኪቦርድ፣ ቁልፎቹን ለየብቻም ሆነ በማጣመር ሲጫኑት 31 ምልክቶች ይሰጣል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ በግራ እጁ የሚሠራበት ይኸው ዓይነት መሣሪያ ነበር። 33ቱ ፊደሎቻችን በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ አይበቃም ብለው ይሰጉ ይሆናል፤ ነገር ግን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን ከላቲን ተነባቢና አናባቢ ስለሚገነቡት፣ ኪቦርዱ 26ቱን የላቲን ፊደላት ከላከ በቂ ነው። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም፤ አምስት ጊዜ መጫን ነው። «ም» ሳድስ በመሆኑ አናባቢ እንኳ አልፈለገም።

ጀማሪን ይበልጥ የሚያስቸግረው ፊደሉን ማስታወስ ሳይሆን የጣቶች አለመተባበር ነው። ክራር ሲመታ አይተው ከሆነ የግራ እጅ ጣቶች የተወሰኑትን አውታሮች አፍነው ሌሎቹን በአንድነት ያሰማሉ፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ፊደሉን የሚልኩት ጣት ሲነሣ ስለሆነ፣ ሌባ ጣትዎ የቀለበት ጣትዎ ሳያርፍ ከተነሣ የሚጻፈው የሌባ ጣት ብቻው ፊደል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነትን ይርሱት፤ ጣቶቹ ሁሉ ማረፋቸው ከተሰማዎት በኋላ በአንድነት ያንሷቸው።

የቁልፎቹን ምደባ መቀየር የሚቻል ከሆነ፣ በአንድ ጣት የሚጻፉትን ቦታዎች ለአናባቢዎች ይስጧቸው፤ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ ይመላለሳሉና። ልምምዱንም ከተናጠል ፊደላት ሳይሆን በየዕለቱ ከሚጽፏቸው ቃላት ይጀምሩ፦ «ጉዳዩ»፣ «አመልካች»፣ «ተከራይ»። ግራ እጅዎ አሁን የሁለት እጅ ሥራ ስለተሸከመ፣ ሲደክም ያሳርፉት እንጂ አያስገድዱት።

ከመግዛትዎ በፊት በግራ እጅ የሚያዝ መሆኑን ይጠይቁ፤ ለቀኝ እጅ ብቻ የተሠሩ አሉ። እስከዚያው ድረስ ባለዎት ኪቦርድ ላይ ሺፍትን አከታትለው 5 ጊዜ ቢጫኑ፣ ዊንዶውስ ቁልፉን ይዘው መቆየት ሳያስፈልግዎ እንዲሠሩ የሚያስችለውን አገልግሎት ይከፍትልዎታል። «ጠ» በትልቁ ቲ በሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች ላይ ይህ ዛሬውኑ ድካምዎን ይቀንሳል።