ኮርስ ከመግዛትሽ በፊት ኮዱን አንብቢ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትመረቂ ነው። ለጃቫ ሥራ ቃለ መጠይቅ ገብተሽ «አንድ ሲምፕልዴትፎርማት ብዙ ትሬዶች ቢጋሩት ምን ይፈጠራል?» ተባልሽ (ሲምፕልዴትፎርማት ቀንን ከጽሑፍ የሚያነብ የጃቫ ክላስ ነው፤ ትሬዶች ደግሞ ጎን ለጎን የሚሄዱ የአንድ ፕሮግራም ሥራዎች ናቸው)። «ትሬድ-ሴፍ አይደለም»፣ ማለትም ብዙ ትሬዶች ቢጋሩት ይበላሻል፣ ብለሽ መለስሽ። «ለምን?» ሲሉሽ ግን መልስ አጣሽ። አሁን የትኛውን ኮርስ ልግዛ ትያለሽ።

እህቴ፣ ብርሽን ያዢ። የጃቫ የራሱ ኮድ ክፍት ነው፣ ኦፕን ጄዲኬ በሚል ስም ጊትሃብ ላይ አለልሽ። ኢንተሊጄ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮልን ተጭነሽ የክላሱን ስም ክሊክ ማድረግ ይበቃል።

የሲምፕልዴትፎርማት እናት ክላስ ከሆነው ከዴትፎርማት ጀምሪ። ካሌንደር የሚባል ፊልድ (ክላሱ ውስጥ ዋጋ የሚያዝበት ቦታ) ታያለሽ። ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከሱ ነው። ፓርስ (ጽሑፉን ወደ ቀን የሚቀይረው ሜተድ) በተጠራ ቁጥር ያንኑ ካሌንደር ያጸዳና ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይሞላበታል። አንዱ ትሬድ ሞልቶ ሳያነብ ሌላው መጥቶ ቢያጸዳበትስ? የደንበኛው የልደት ቀን 1970 ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል። አንዳንዴ ናምበርፎርማትኤክሴፕሽን የሚባል ኤረር ይወረውራል፤ ያ እንኳን ደግ ነው፣ ቢያንስ ታውቂዋለሽ። የሚያስፈራው ምንም ኤረር ሳይሰጥ የተሳሳተ ቀን ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣውን፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ዴትታይምፎርማተር ክፈቺ። ፊልዶቹ ፋይናል ናቸው፣ አንዴ ከተሞሉ አይቀየሩም። ለእያንዳንዱ ፓርስ አዲስ ኮንቴክስት (ጊዜያዊ መያዣ) ስለሚፈጥር ትሬዶቹ የሚሻሙበት ነገር የለም። አፓቼ ኮመንስ ላንግ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ፋስትዴትፓርሰርም እዪው። ፓተርኑን (የቀኑን አጻጻፍ ቅርጽ) ሲፈጠር አንዴ ይተነትነዋል፤ ካሌንደሩን ግን በየጥሪው አዲስ ያመጣል። ሁለት የተለያዩ ፕሮጀክቶች፣ መፍትሔው ግን አንድ ዓይነት፦ የሚለዋወጠውን ነገር አለመጋራት። ያን ቀን የጠየቁሽ ይህንን ነበር።

ማንበብ ብቻውን አይበቃም። አንድ ሲምፕልዴትፎርማት ለአሥር ትሬድ አጋሪና የተለያዩ ቀኖችን ደጋግመሽ ፓርስ አስደርጊ። ሲበላሽ በዓይንሽ እዪው። ከዚያ በዴትታይምፎርማተር ቀይሪውና ሁለቱንም ጊትሃብሽ ላይ ጫኚ። ለሚቀጥረው ሰው ከሰርተፍኬት ይልቅ ይሄ ብዙ ይናገራል።

ጊዜ ከተረፈሽ በጃቫ የቀን ክላሶች ላይ የሚጨምረውን ስሪቴን-ኤክስትራ (ThreeTen-Extra) የሚባለውን ፕሮጀክት ፈልጊ። ኢትዮፒክዴት የሚል ክላስ አለው። የእኛን 13 ወር፣ ጳጉሜንም ጭምር፣ እንዴት እንደያዘው ተመልከቺ። ከኮፕቶች አቆጣጠር ጋር አንድ የጋራ እናት ክላስ አላቸው። ጳጉሜን አንቺ ከማንም በላይ ስለምታውቂያት የጎደለ ቴስት ካየሽ ጽፈሽ ላኪላቸው።