ጋራዡና መለዋወጫ ሻጩ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ሲያሳብቡ፦ የክራንክ ሻፍት ዳምፐርን በተመለከተ የቀረበ የሕግ ጥያቄ

ጥያቄ፦ የአዳማ ከተማ ነዋሪ ስሆን ከመቂና ከአካባቢው ሽንኩርትና ቲማቲም የምጭንበት የናፍጣ ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ ከፊት በኩል ድምፅ በማሰማቱ ጋራዥ አስገባሁት። መካኒኩ የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ፣ ማለትም ዳምፐሩ፣ ጎማው አልቆ እንደሚወዛወዝ ነገረኝና እሱ ከጠቆመኝ ሱቅ አዲስ ገዝቼ አመጣሁለት፤ ገጠመው። አንድ ወር ሳይሞላ ወደ መተሐራ ስሄድ ፑሊው ከቦታው ወጥቶ ቺንጋውን በጠሰ፣ ራዲያተሩንም ቀደደ። ሌላ ጋራዥ ሲፈታው የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ራሱ ተበልቷል አሉኝ። የመጀመሪያው ጋራዥ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ሻጩ ደግሞ «ጥፋቱ የአገጣጠም ነው፣ ደረሰኙ ላይም የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል» ብሎ መለሰኝ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የጽሑፍ ውል የለኝም። ማንን ልክሰስ? መኪናው በቆመበት ጊዜ የቀረብኝን ገቢስ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማንን መክሰስ እንዳለብዎ ከመወሰንዎ በፊት ዛሬውኑ መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። መኪናው አሁን ያለበት ሁለተኛው ጋራዥ የተበላውን የክራንክ ሻፍት ጫፍ በብየዳ እንዳይሞላ፣ ቶርኖ ቤት እንዳይልክ፣ የወጣውንም ፑሊ፣ ብሎኑን፣ የብሎኑን ሮንዴላ፣ ፑሊውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የምታያይዘውን ትንሿን ብረት እንዳይጥል በግልጽ ይንገሩት፤ ቢቻል በጽሑፍ ይስጡት። እንዲህ ያለ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚወሰነው በተከራካሪዎቹ ንግግር ሳይሆን በእነዚህ ብረቶች ላይ በሚታየው ምልክት ነው። ብረቶቹ ከጠፉ በኋላ የሚቀረው የሦስት ሰዎች ቃል ብቻ ሲሆን፣ ከሦስቱም የማስረዳት ሸክሙ የሚከብደው ከሳሽ በሆኑት በእርስዎ ላይ ነው።

ምልክቱ ምን እንደሚናገር ባጭሩ ላስረዳ፤ የኃላፊነቱ ክፍፍል የሚመጣው ከዚሁ ነውና። ዳምፐሩ ከመሐል በክራንክ ሻፍቱ ላይ የሚታሰር እምብርት፣ ከውጭ ቺንጋ የሚዞርበት ከባድ ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የጎማ ቀለበት አለው። በየሲሊንደሩ ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ በጥቂቱ እየተጠመዘዘ ይመለሳል፤ ይህን መንቀጥቀጥ የሚያለዝበው ጎማውና ከውጭ ያለው ከባድ ቀለበት ነው። እንግዲህ አዲሱ ዕቃ ሲፈተሽ እምብርቱ በክራንክ ሻፍቱ ላይ እንደታሰረ ሆኖ ጎማው ብቻ ተገንጥሎ የውጪው ቀለበት ወጥቶ ከሆነ፣ ጉድለቱ የዕቃው ነው ለማለት በቂ መነሻ አለ፤ በደህና የተሠራ ጎማ በሳምንታት ውስጥ አይላቀቅምና። በአንጻሩ ጎማው ደህና ሆኖ የእምብርቱ ቀዳዳና የማያያዣዋ ብረት መቀመጫ ተበልተው፣ ብሎኑም ጥርሱ ሳይጎዳ ተፈትቶ ከወጣ፣ ይህ ብሎኑ አምራቹ ባዘዘው ልክ እንዳልጠበቀ የሚያመለክት ነው። የዚህ ብሎን ማጥበቂያ ልክ ከፍተኛ በመሆኑ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ተለክቶ እንጂ በእጅ ግምት አይጠበቅም፤ በአንዳንድ ሞተሮችም አሮጌውን ብሎን መልሶ መጠቀም አይፈቀድም። እርስዎ እንደጻፉልን የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ራሱ መበላቱ ወደዚህ ሁለተኛው ግምት ያዘነብላል።

ይሁን እንጂ ፈጥኖ መደምደም አይገባም። የዕቃው ቀዳዳ ከክራንክ ሻፍቱ ልክ በጥቂቱ የሰፋ ቢሆን ኖሮም ብሎኑ በትክክል ቢጠብቅ እንኳ ተመሳሳይ መበላት ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ጊዜ ሻጩ ለማይገጥም ዕቃ፣ ጋራዡ ደግሞ ልቅ ሆኖ በእጅ ሲንሸራተት እያየ ለመግጠሙ፣ ሁለቱም የየራሳቸው ጥፋት ይኖርባቸዋል። ዕቃውን የገዙት እርስዎ ቢሆኑም ስለ ዕቃው ብቃት የሚያውቀው ባለሙያው ነው፤ ሱቁንም የጠቆመዎ እሱ ራሱ ነው። ጉድለቱ ለባለሙያ ዓይን የሚታይ ከነበረ ከመግጠሙ በፊት ሊነግርዎ ይገባ ነበር። ሌላም ሊነሳ የሚችል መከላከያ አለ፦ ጋራዡ «ጫፉ ቀድሞውኑ ተበልቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ድምፅም ከዚያ የመጣ ነው» ሊል ይችላል። ለዚህ መልሱ፣ ያን ጊዜ አይቶ ከነበረ ለምን ሳይነግርዎ እንደገጠመው መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ነጻ የሆነ፣ ፈቃድ ያለው የመኪና ቴክኒክ ባለሙያ ብረቶቹን አይቶ በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥ ያድርጉ። ጋራዡና ሻጩ በምርመራው ዕለት እንዲገኙ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው በጽሑፍ ይጥሯቸው። ባይመጡ እንኳ መጠራታቸው በኋላ «ሳናይ የተዘጋጀ ወረቀት ነው» የሚለውን ክርክር ያዳክመዋል። ፎቶግራፍ ሲያነሱም ብረቱ ከመታጠቡ በፊት ይሁን፤ የቅባቱና የዝገቱ ዱቄት ያለበት ቦታ ራሱ ዕቃው ለምን ያህል ጊዜ ሲፋተግ እንደቆየ ለባለሙያ ይነግረዋል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ከጋራዡ ጋር የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ሊያሳስብዎ አይገባም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1719 መሠረት ሕግ በተለየ ፎርም እንዲደረጉ ካላዘዘ በስተቀር ውሎች በማናቸውም መንገድ በስምምነት ብቻ ይጸናሉ፤ የጥገና ሥራም በጽሑፍ እንዲሆን ከተገደዱት ውሎች ውስጥ አይደለም። ግንኙነታችሁ በቁጥር 2610 እና ተከታዮቹ የሚገዛ የሥራ ውል ሲሆን፣ ሠሪው የተወሰነ ውጤት በራሱ ኃላፊነት ለማስገኘት፣ አሠሪው ደግሞ ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡበት ነው። በቁጥር 1790 እና 1791 ደግሞ ውሉን ያልፈጸመ ወገን በመርህ ደረጃ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ጉዳት ይከሳል፤ የሚድነው ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት መኖሩን ሲያስረዳ ነው። የብሎን በሚገባ አለመጥበቅ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሊባል አይችልም። የውሉን መኖር ለማስረዳት መኪናውን ሲያስገቡ አብረዎት የነበረ ሰው፣ በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈሉበት ማስረጃ፣ ከመካኒኩ ጋር የተለዋወጡት የስልክ መልእክት ያገለግላሉ። መልእክቶቹን ከስልክዎ አያጥፉ።

ከሻጩ ጋር ያለዎት ግንኙነት የሽያጭ ውል ነው። ሕጉ ሻጩን ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል (ከቁጥር 2287 ጀምሮ)፤ ነገር ግን ገዢውንም ያጣድፈዋል። ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ ለሻጩ ማስታወቅ አለብዎ፤ ካስታወቁበት ቀን አንሥቶም በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካልመሠረቱ በቁጥር 2298 መሠረት መብትዎን ያጣሉ። በጋራዡ ላይ ያለው የውል ክስ በአጠቃላዩ የአሥር ዓመት ይርጋ (ቁጥር 1845) የሚታይ ቢሆንም፣ ሁለቱን ጉዳዮች አብረው የሚያቀርቡ ስለሆነ ልኬትዎ አጭሩ ጊዜ ይሁን። ሰዎች በሽምግልና ተስፋ ወራትን እያሳለፉ በሻጩ ላይ የነበራቸው መብት ሲያልፍባቸው ማየት የተለመደ ነው፤ የሚያሳዝነውም ሽምግልናው ጎን ለጎን ማስታወቂያውን ከመስጠት ፈጽሞ የማይከለክል መሆኑ ነው።

ደረሰኙ ላይ ያለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ቃል ደንበኛ ሐሳቡን ቀይሮ ደህና ዕቃ ሲመልስ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለጉድለት የተሰጠውን የሕግ ዋስትና ግን በዚህ ቃል ብቻ ያስቀራል ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። በተለይ ሻጩ ዕቃው ኦሪጅናል አለመሆኑን እያወቀ ኦሪጅናል ብሎ ሸጦ ከሆነ፣ በራሱ ማታለል ላይ ተመሥርቶ ከኃላፊነት ነጻ ልሁን ማለት አይችልም። በጋራዡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውም ጽሑፍ ከዚህ ብዙም የሚሻል አይደለም። እርስዎ መኪናውን ሲያስገቡ ያላዩት ወይም ያልተስማሙበት ማስታወቂያ የውል ቃል አይሆንም፤ ቢያዩት እንኳ «ኃላፊነት አንወስድም» የሚለው በግቢው ለቆመ መኪና ለሚጠፋ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ጋራዡ ራሱ ለተከፈለበትና ላበላሸው ሥራም ነው ብሎ ማስረዳት ይከብደዋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይጠብቀኛል ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አዋጁ ሸማች የሚለው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። እርስዎ መኪናውን ለንግድ ጭነት የሚጠቀሙበት በመሆኑ ተከላካዮቹ «ሸማች አይደለም» የሚል መቃወሚያ ማንሳታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ክስዎን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ያቁሙት።

ማንን ልክሰስ ላሉት፣ የባለሙያው አስተያየት ሁለቱንም የሚነካ ወይም በእርግጠኝነት የማይለይ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ክስ ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ለየብቻ ከከሰሷቸው አንደኛው ችሎት ጥፋቱን በሻጩ፣ ሌላው በጋራዡ ላይ ጥለው እርስዎ በመካከል ባዶ እጅዎን ሊቀሩ ይችላሉ። አስተያየቱ በአንዱ ላይ ብቻ በግልጽ ካመለከተ ግን ሌላውን ያለ በቂ ምክንያት አይጎትቱ፤ ነጻ ሲወጣ ወጪና ኪሣራ ሊጠይቅዎ ይችላልና። በማናቸውም መንገድ አስቀድሞ በቁጥር 1772 የተመለከተውን ማስጠንቀቂያ ለሁለቱም በጽሑፍ ይስጡ፤ ጉዳቱን፣ የሚጠይቁትን ገንዘብና የሚከፈልበትን ምክንያታዊ ጊዜ ይግለጹ፤ ቅጂው ላይ አስፈርመው ያስቀሩ፣ እምቢ ካሉም በምስክር ፊት ያድርሱት።

የካሣውን መጠን በተመለከተ፣ ቁጥር 1799 እንዲህ ያለ አለመፈጸም በተለመደው ሁኔታ የሚያደርሰውን ጉዳት መነሻ ያደርጋል። የክራንክ ሻፍቱ፣ የራዲያተሩ፣ የቺንጋው፣ የመጎተቻው ወጪና ለመጀመሪያው ሥራ የከፈሉት ገንዘብ በዚህ ይጠቃለላሉ። የቀረው ገቢ ግን በማስረጃ የሚቆም ነው። መኪናው በየቀኑ ጭነት የሚሠራ መሆኑን መካኒኩ ሥራውን ሲቀበል እርስዎ ነግረውት ከነበረ፣ ከተለመደው በላይ የደረሰብዎን ጉዳት ለመጠየቅ ቁጥር 1801 ይረዳዎታል። ያም ሆኖ «በቀን ይህን ያህል አገኝ ነበር» የሚል ቃል ብቻውን ፍርድ አያሰጥም፤ ከጭነት ደንበኞችዎ ጋር ያለዎትን ስምምነት፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የግብር ማስታወቂያዎን ያቅርቡ። ለግብር ያሳወቁት ገቢ ለፍርድ ቤቱ ከሚጠይቁት እጅግ ያነሰ ከሆነ ዳኛው ማየቱ አይቀርም። በተጨማሪም ተጎጂ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት፤ ምርመራው ተደርጎ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ከተያዘ በኋላ መኪናውን ለወራት ማቆም አያስፈልግም። ያስጠግኑት፣ የተፈቱትን ዕቃዎች ብቻ በአግባቡ ያስቀምጡ።

ክሱ ተከሳሾቹ በሚኖሩበት ወይም ውሉ በተደረገበትና በተፈጸመበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ስለሚችል በአዳማ ማቅረብ ይችላሉ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ አቤቱታውና የባለሙያው ጽሑፍ በዚያ ቋንቋ ይዘጋጁ፤ የሰነድና የምስክር ዝርዝርዎም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 መሠረት ከክሱ ጋር ይያያዝ።

ማስጠንቀቂያው ሲደርሳቸው ጋራዡና ሻጩ ወጪውን ተካፍለን እንክፈልዎ ሊሉ ይችላሉ። ተገቢ መጠን ከሆነ ይቀበሉ፤ ነገር ግን በቃል አይጨርሱት። ማን ምን ያህል በየትኛው ቀን እንደሚከፍል፣ ሳይከፍል ቢቀር ምን እንደሚከተል የሚገልጽ የዕርቅ ስምምነት በጽሑፍ ይደረግ፤ በቁጥር 3307 እና ተከታዮቹ መሠረት የተደረገ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ስለሚቆጠር፣ ከመፈረምዎ በፊት ወደፊት በሞተሩ ላይ ሊታይ የሚችል ተጨማሪ ጉዳት በስምምነቱ መካተት አለመካተቱን በግልጽ ያስጽፉ።