ከቪኤ «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ ለደረሰው ወንድምሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ወንድምሽ የአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ ባሕር ዳር ገብቷል። ለወገቡና ለጆሮው የጉዳት ክፍያ ቪኤን፣ ማለትም የአሜሪካን የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ጠይቆ ከአምስት ወር በፊት «አልተፈቀደም» ተብሏል። አንዱ እንደ አዲስ ጀምሩ ይላችኋል። ሌላው ከሚገኘው ሲሶውን ከሰጣችሁኝ እጨርሰዋለሁ ይላል። እኔም አማርኛ ተናጋሪዎችን ለቋንቋ ችሎታቸው ሲል ይቀበል በነበረው ማቭኒ በሚባለው የጦሩ የምልመላ ፕሮግራም በኩል ገብቼ ጉልበቴ ተጎድቶ የተመለስኩ ነኝ። የእኔ ጉዳይ ወደ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በዓመቱ ውስጥ ይግባኝ ካስገባችሁና በኋላ ከተፈቀደ፣ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ይታሰባል። ዓመቱ ካለፈ በኋላም በአዲስ ማስረጃ መጠየቅ ይቻላል፤ የኋላው ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ ይቀራል። ሰው ሁሉ «ስንት ወር ይፈጃል?» ብሎ ይጨነቃል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ያ ቀን ነበር። ውሳኔዬ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ቤቴ ደግሞ ከሞባይል ዳታ ሌላ አልነበረም። የቪኤ አካውንቴን መክፈት አልቻልኩም። ቀኑ ግን እየሄደ ነው። በመጨረሻ ቅጹን በእጄ ሞልቼ ፈረምኩና አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ ሰጠሁት፣ እሱ በፋክስ አስገባልኝ። ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። እናንተ እዚያ ድረስ አትጠብቁ።

እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ወዲህ ሦስት መንገድ አለ። አዲስ ማስረጃ ካላችሁ «ሰፕልመንታል ክሌም» ይባላል፣ ቅጹ 20-0995 ነው። ማስረጃው ተሟልቶ ውሳኔው ላይ ስህተት አለ ካላችሁ «ሃየር ሌቭል ሪቪው»፣ ቅጽ 20-0996። እዚህ ላይ አዲስ ወረቀት አይቀበሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሦስተኛው ዋሽንግተን ያለው የይግባኝ ቦርድ ነው፣ ቅጽ 10182። ቦርዱ ጋ ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገር ይቻላል፤ ወረፋው ግን ከሁሉም ይረዝማል። ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ቪኤ በአማካይ በ125 ቀን ለመጨረስ ያቅዳል። ውጭ አገር ለምንኖር መርማሪ ሐኪም እስኪመቻች ስለሚቆይ ከዚያ በላይ ጠብቁ።

ከዚያ «ለምን ተከለከለ?» የሚለውን ክፍል ቃል በቃል አንብቡት። ሦስት ነገር ነው የሚፈለገው፤ አሁን ያለ ሕመም፣ አገልግሎት ላይ እያለ የደረሰ ነገር፣ እና ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሦስተኛው ነው። እኔ መጀመሪያ እዚሁ ባሕር ዳር ከሐኪም ያስጻፍኩት ወረቀት «የቆየ የጉልበት ሕመም አለበት» ይላል፣ አለቀ። ሐኪሙ አላጠፋም፤ የሠራዊት የሕክምና መዝገቤን አላሳየሁትም ነበር። ሁለተኛ ጊዜ መዝገቡን አትሜ ወሰድኩለት። ተቀምጦ አነበበው። ከዚያ መዝገቡን ማየቱን፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆን ዕድሉ ቢያንስ እኩል ለእኩል መሆኑን፣ ለምን እንደዚያ እንዳለም ጻፈ። ያ «ለምን» ነው ፋይሌን የቀየረው። ሐኪሞቻችን በእንግሊዝኛ መጻፋቸውም ጠቅሞናል።

ባለቤቴም ምስክርነቷን ጻፈች። ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ቤታችን ስንት ጊዜ ቆሜ እንደማርፍ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምነሳ። በአማርኛ ጽፋ ትርጉሙን አያይዘን ላክነው። አንቺም የወንድምሽን ጆሮ በየቀኑ ታያለሽ። ቴሌቪዥኑን ምን ያህል እንደሚያስጮኸው፣ ሰው ሲጠራው ስንቴ እንደሚደገምለት፣ ያየሽውን ብቻ ሳትጨምሪ ጻፊው።

አድራሻውንም ዛሬውኑ አስተካክሉ። የእኔ የምርመራ ቀጠሮ የሄደው ድሮ ወደምኖርበት ቨርጂኒያ ነበር። አድራሻ መቀየሬን አላሳወቅሁም። ምርመራው ስለቀረ ባለው ወረቀት ብቻ ተወሰነና ተከለከልኩ። ከዘገየው ጊዜ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ሲሶ የጠየቃችሁን ሰውዬ እባካችሁ ተዉት። ይግባኝ ላይ ገንዘብ መቀበል የሚችለው በቪኤ ዕውቅና ያለው ጠበቃ ወይም ወኪል ብቻ ነው። ለእነሱም ቢሆን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከሚከፈለው 20 በመቶው ተገቢ ተብሎ የሚታሰበው ነው። የዕውቅናው ዝርዝር የቪኤ ድረ ገጽ ላይ ስላለ ስሙን ፈልጉት። እንደ አሜሪካን ሌጅን እና ዲኤቪ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ደግሞ በነፃ ይወክላሉ። እኔን የወከለኝ እንዲህ ያለ ማኅበር ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተጠየቅሁም።

እንደ አዲስ መጀመርን በተመለከተ፣ አይሆንም። አንዴ የተከለከለ ሕመም ከሦስቱ መንገድ በአንዱ ነው የሚቀጥለው። እስካሁን ያልጠየቀው ሌላ ሕመም ካለው ግን ለእሱ የማመልከት ሐሳቡን አሁኑኑ ያስመዝግብ፣ ቅጽ 21-0966። ዋናውን ማመልከቻ በአንድ ዓመት ውስጥ እስካስገባ ድረስ ሐሳቡን ያስመዘገበበት ቀን ይያዝለታል።

ወንድምሽ ፈቃደኛ ከሆነ ምክንያቱ የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ስሙንና የፋይል ቁጥሩን ሸፍኚው። ወይም ቅዳሜ ጠዋት ደብዳቤውን ይዞ ይምጣ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።