እህትሽ ከታች ትጀምር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ባቡር ላይ ነው። ቤት ገብቼ እስክጽፍልሽ ቸኮልኩ። ታላቅ እህትሽ 44 ዓመቷ ነው፤ አገር ቤት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ሲያትል ከመጣች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። አሥራ ሁለተኛን ያልጨረሰ ሰው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱ የመንግሥት ኮሌጅ) ይገባል ወይ፣ ለመመደቢያው ፈተናስ እንዴት ላስጠናት ነው ያልሽው።

ይገባል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ በ39 ዓመቴ ነው የገባሁት። ፈተናውን ግን እባክሽ አታስጠኛት።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። ፈተናው ካሳስ ይባላል። ማንበብና ማዳመጥ ነው፤ ጥያቄው ምርጫ ነው። የሚወድቅበት ሰው የለም። የቱ ክፍል እንደሚስማማሽ ለማወቅ ብቻ ነው የሚፈትኑሽ። እኔ ግን ፈተና ሲባል የማውቀው ማለፍና መውደቅን ነበር። የወንድሜ ልጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስጠናኝ። ጥያቄው ሳይገባኝ መልሱን እንዴት እንደምገምት አሳየኝ። ገመትኩ፤ ግምቴም ያዘልኝ። የእንግሊዝኛ ክፍሉ በደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይከብዳል። እኔ ሌቨል 4 ገባሁ። ቤት ውስጥ ቡና ተፈላ፣ እልል ተባለ።

ከዚያ ሁለት ወር ዲዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። መምህሯ አንድ ገጽ ታድልና ዋና ሐሳቡን ጻፉ ትላለች። እኔ ገና ቃሉን አንድ በአንድ ስለቅም ሌላው ጨርሶ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ማንንም መጠየቅ አፈርኩ። አንድ ቀን ሺፍቴ ተቀየረ ብዬ ቀረሁ። ሺፍቴ አልተቀየረም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አልተመለስኩም።

ስመለስ ማንም ሳያስጠናኝ ተፈተንኩ። ሌቨል 2 ወጣልኝ። ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ በእኛ ፊደል "ለ" የትም ብትገባ "ለ" ናት። የእንግሊዝኛዋ "ሲ" ግን አንድ ቦታ "ክ"፣ ሌላ ቦታ "ስ" ትሆናለች። ተጽፎ የማይነበብም ፊደል አለ። ይህንን ታች ያሉት ክፍሎች ውስጥ እጅሽን ይዘው ያስተምሩሻል። ላይ ከወጣሽ ታውቀዋለች ተብሎ ይታለፋል፤ ተመልሶ የሚነግርሽ የለም። እህትሽ አማርኛ ካነበበች ደግሞ ትልቅ ነገር ይዛ ነው የምትገባው። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት በየትኛውም ቋንቋ ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ ከእርሳስ አያያዝ ነው የጀመረችው። እሷም እኮ ለምዳዋለች።

የሒሳቡን ክፍል መቼም አልረሳውም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ጻፈና የቱ ይበልጣል አለን። አብዛኞቻችን አራት ከሦስት ስለሚበልጥ አራተኛውን አልን። ኬክ ስሎ ቆራረጠው። እኔ ኬኩን እያየሁ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ሰሜን ሸዋ የሰው መሬት ያርስ ነበር፤ አንዱን በሲሶ፣ አንዱን በእርቦ። አውድማው ላይ እህሉ በቁና ሲሰፈር ቆሜ አያለሁ። በሲሶው ለባለመሬቱ አንድ፣ ለእኛ ሁለት። በእርቦው ለባለመሬቱ አንድ፣ ለእኛ ሦስት። ከእጃችን የበለጠ የሚወጣው በየትኛው እንደሆነ ልጅ ሆኜ አውቀው ነበር። እጄን አወጣሁ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስናገር መምህሩ ማርከሩን ሰጠኝ። ሰሌዳው ላይ ቁና ሣልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሒሳብ አልፈራሁም። እህትሽም እንዲህ ያለ የምታውቀው ነገር አይጠፋትም፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ነው የማታውቀው።

ወጪው ብዙ አያስጨንቅም። በዋሽንግተን ስቴት ኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጆች የአዋቂዎች መሠረታዊ ትምህርት በኳርተር፣ ማለት በሦስት ወር ገደማ፣ 25 ዶላር ነው፤ አቅም ለሌለው ይህም ይነሳለታል። ሲያትል ሴንትራል፣ ሳውዝ ሲያትል፣ ሃይላይን፣ ሬንተን ቴክኒካል ሁሉም አላቸው። በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ግን በዚህ ፕሮግራም አይገባም። የተወሰነ ሰዓት ከተማረች በኋላ እንደገና ይፈትኗታል። ኮሌጁ የተማሪዎቹን መሻሻል ለመንግሥት ሪፖርት ማድረግ አለበት። ከትክክለኛ ቦታዋ ከጀመረች መሻሻሏ ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ለራሷም ብርታት ይሆናታል።

ዲፕሎማውን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ጂኢዲ ጂኢዲ ይላል፤ የአሥራ ሁለተኛን ዲፕሎማ የሚተካ ፈተና ነው። ጥሩ ነው፤ አራት ትምህርት ነው፣ በእያንዳንዱ 145 ማምጣት ይበቃል። ግን ፈተናው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው፣ ከሰዓት ጋርም መሽቀዳደም አለ። እኔ የመረጥኩት ሃይስኩል ፕላስ የሚባለውን ነው። 18 ዓመት ለሞላው ሰው ኮሌጁ ራሱ የስቴቱን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይሰጣል። የሠራሽውንና የኖርሽውን፣ ማስረጃ ካለሽ፣ ቆጥረው ክሬዲት ያደርጉልሻል። ለእኔ አማርኛዬም ተቆጥሮልኛል። ስለዚህ እህትሽ የስድስተኛ ክፍል ካርዷን አገር ቤት ካለ አስፈልጋ ታስመጣው፤ የሥራ ደብዳቤም አትጣል።

ከዚያ አይቤስት የሚባል አለ። በ2004 እዚሁ ስቴት የተጀመረ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መምህራን አሉ፤ አንዱ ሙያውን፣ አንዱ እንግሊዝኛውን ያስተምራል። እኔ ነርሲንግ አሲስታንት፣ የነርስ ረዳትነት፣ የተማርኩት በዚህ ነው። አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሁሉ ተደምሮ አምስት ዓመት ፈጀብኝ፤ የቀረሁበት ዓመትም አለበት። አጭር ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ግን ጥቅሙን ለማየት አምስት ዓመት አትጠብቅም። ሌቨል 2 እያለሁ ከልጄ ትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። ፍሪጅ ላይ ለጥፌ፣ ቆሜ፣ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። ረቡዕ ልጆቹ ቶሎ ይለቀቃሉ ይላል። ከዚያ በፊት ስንት ረቡዕ ልጄ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠብቃኛለች። የዚያን ረቡዕ ቀድሜ ደረስኩ። "ማን ነገረሽ?" አለችኝ። "ወረቀቱ" አልኳት።

የማታ ክፍል ስላለ ሺፍቷን ለሚያወጣው ሰው ቀድማ ትንገር። ኳርተር ከመጀመሩ በፊት ኦሬንቴሽን፣ ለአዲስ ተማሪ የሚደረግ ገለጻ፣ አለ፤ ፈተናውም ያኔ ነው። ብቻዬን አልገባም ካለች ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ የለኝም። በውስጥ ላኪልኝ፣ አብሬያት እሄዳለሁ፤ እስክትጨርስ ውጭ እጠብቃታለሁ።