የእንግሊዝኛው ዘ (the) መቼ ይገባል መቼ ይቀራል ላልሽው እህታችን

የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ ዘ የት እንደሚገባ ግራ ገባኝ፣ ሕጉን ስሸመድድ ጭራሽ ተምታታብኝ ላልሽው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሰፈር ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ ከሁሉም የሠራልኝ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ማለት ነው። በአማርኛ አታስቡ የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፣ እዚህ ጋ ግን አልስማማም።

ዶሮ ገዛሁ፣ ዶሮዋ አመለጠች በይ እስቲ። መጀመሪያ ዶሮ ብቻ አልሽ፣ ቀጥሎ ዋ መጣች፣ ምክንያቱም አሁን የትኛዋ እንደሆነች ሰሚው አውቋል። እንግሊዝኛውም ያው ነው፣ አይ ቦት ኤ ሄን፣ ዘ ሄን ራን አዌይ። ቡና እወዳለሁ ስትዪም ቡናውን አላልሽም፣ ስለዚህ አይ ላይክ ኮፊ ብቻ፤ ያፈላሽው ቡና ከሆነ ግን ዘ ኮፊ ዩ ሜድ ይሆናል። ኑሮ ከባድ ነው የሚለውም ላይፍ ኢዝ ሃርድ ነው፣ ልጆቹ ግን ሁሌ ዘ ላይፍ ብለው ያመጡልኛል፣ ዘ ከሌለበት እንግሊዝኛ የሆነ አይመስላቸውም መሰለኝ።

ቤቱ ላይ ተጠንቀቂ። ቤቱ ሲባል የምናውቀው ቤትም የእሱ ቤትም ሊሆን ይችላል፣ የእሱ ከሆነ ሂዝ ሃውስ ብለሽ ዘን ትተያለሽ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይገቡም።

አሁን አማርኛው የማያግዝሽ ቦታ። እኛ ፀሐይ ወጣች፣ ባንክ ሄድኩ፣ ገበያ ነኝ እንላለን ምንም ሳንጨምር፣ እነሱ ግን ዘ ሰን፣ ዘ ባንክ፣ ዘ ማርኬት ይላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስኩል ደግሞ ለብቻው ነው፣ ልጅሽ ለመማር ስትሄድ ቱ ስኩል ነው፣ አንቺ ለወላጆች ስብሰባ ስትሄጂ ቱ ዘ ስኩል ነው፣ ሕንፃው ያው ሆኖ የምትሄዱበት ጉዳይ ስለሚለያይ ማለት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም እንግሊዞቹ ኢን ሆስፒታል ሲሉ አሜሪካኖቹ ኢን ዘ ሆስፒታል ይላሉ፣ እሱ አያስጨንቅሽ።

የቦታ ስም ላይ በቃል መያዝ ብቻ ነው ያለው። ወንዝ ዘ ይወስዳል፣ ዚ አዋሽ፣ ዚ አቃቂ ሪቨር (ከአናባቢ በፊት ዚ ተብሎ ነው የሚነበበው)። ሐይቅና ነጠላ ተራራ አይወስዱም፣ ሌክ ጣና፣ ማውንት ዝቋላ፤ ተራሮቹ ሲበዙ ግን ዘ ሲሜን ማውንቴንስ። አገር እንዲሁ ነው፣ ኢትዮጵያ ኬንያ ባዶ፣ ዘ ኔዘርላንድስና ዘ ዩናይትድ ስቴትስ ከነዘው።

ለማመልከቻሽ የሚያስፈልግሽ ደግሞ ይሄ ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ ዘ ይጻፋል፣ ኦፍ ሲገባበት ግን ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር ይሆናል። የሥራ መደቡም ማስታወቂያ የወጣበት የታወቀ ስለሆነ ፎር ዘ ፖዚሽን ኦፍ አካውንታንት በዪ። ስምና ስልክሽን አጥፍተሽ ደብዳቤውን እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ልጆቹን ስጨርስ አየዋለሁ።