ለድሬዳዋው ጠያቂ፦ ከሐበሻ አውራ ዶሮ ላባ ስለሚሠራ ተንሳፋፊ ዝንብ

ጠያቂያችን ከድሬዳዋ እንደጻፉልን፣ በመጪው በጋ ወደ ባሌ ወጥተው ትራውት የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ አስበዋል። ነፍሳት እንዲመስል መንጠቆ ላይ ላባ ተጠምጥሞ የሚሠራውንና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን «ደረቅ ዝንብ» የተባለ ማጥመጃ ቤት ውስጥ ከታረደ ዶሮ ላባ ሠርተው ብርጭቆ ውሃ ላይ ቢሞክሩት ሁሉም ሰመጠባቸው፤ ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የላባው ብለውም ጠይቀዋል። እኔ ሐረር ሆኜ ይህን ሥራ ለዓመታት ስሞክር ቆይቻለሁ፤ ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ጥፋቱ በአብዛኛው የላባው ነው፣ ጥቂቱም የመንጠቆው።

መንጠቆ ብረት ስለሆነ ዝንቡ ቀላል በመሆኑ ብቻ አይንሳፈፍም። የውሃ ገጽ በወተት ላይ እንደሚዘረጋ ስልባቦት ትንሽ ክብደት ይሸከማል፤ በመንጠቆው አንገት ዙሪያ የተጠመጠመው ላባ ጸጉሮቹ ጠንካራ ከሆኑ ጫፎቻቸው ያንን ገጽ ሳይበሱ ይቆሙበታል። ጸጉሮቹ ልስልስ ከሆኑ ግን ውሃ ይጠጡና ብረቱን ይዘው ይወርዳሉ። እርስዎ ዶሮው በፈላ ውሃ ተነክሮ ከተነጨ በኋላ ከክምሩ እንደመረጡ ጽፈዋል። ከክምር ውስጥ የአንገቱን ላባ ከሆዱና ከጎኑ መለየት ያስቸግራል፤ ቢለዩት እንኳ በቆዳው ላይ ከራስ ቅል ወደ ትከሻ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፎ የነበረው መጠን ተዛንቆ ያገኙታል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው በዓል በፊት ቤትዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ዶሮው እንደታረደ፣ ሙቅ ውሃ ሳይነካው፣ የአንገቱ ጀርባ ቆዳ ከነላባው ይገፈፍ። ስቡን በደነዘዘ ቢላዋ ፍቀው፣ የውስጡን ገጽ ደቃቅ ጨው አሽተው፣ ጣውላ ላይ ላባውን ወደ ታች አድርገው በምስማር ይወጥሩትና ጥላ ውስጥ ያድርቁት። በእናንተ ሙቀት በጥቂት ቀናት ይደርቃል፤ እኛ ጋ በክረምት ከሳምንት በላይ ይፈጅብኛል። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጣሳ ከናፍታሊን ጋር ያስቀምጡት። እኔ ናፍታሊኑን ንቄ የሁለት ዓመት ክምችቴን ብል በልቶብኛል።

ዶሮው የሐበሻ አውራ፣ ዓመት ያለፈው፣ ቢቻል ሁለት የሞላው ይሁን። በአርባ አምስት ቀን የሚደርሰው የፈረንጅ ዶሮና ሴቷ ዶሮ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ላባውን በሁለት ጣት ይዘው እንደ ቀስት ሲያጎብጡት ጸጉሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተለያይተው ከቆሙና ከንፈርዎን ሲነኩ ከወጉ፣ ጥሩ ላባ ነው። ከግንዱ ሥር ያለውን ጥጥ መሳይ ክፍል ግን ሳይሳሱ ነጭተው ይጣሉት።

ቀለም ከተባለ ቀይና ገብስማ ይበቃዎታል። «አዳምስ» የተባለውን ዝንብ በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን ሌናርድ ሃላዴይ ሲሠራው በአንገቱ ላይ የጠመጠመው እነዚህኑ ሁለት ቀለሞች አንድ ላይ አድርጎ ነው፤ እስካሁንም በብዙ አገር ትራውትን የሚያታልል ዝንብ ነው። ገብስማ መፈለግ ግን የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ ሸዋ በር ገበያ ወጥቼ «ገብስማ አውራ አለዎት?» ብል፣ ሻጯ እናት «የማን ትእዛዝ ነው ልጄ?» ብለው በቆረጣ አዩኝ፤ ለዓሣ ነው ስላቸው ይባስ ተጠራጠሩ።

መንጠቆን በተመለከተ፣ ለቆሮሶ ማጥመጃ የሚሸጠው ሽቦው ወፍራም ስለሆነ የቱንም ያህል ላባ ቢያለብሱት ይሰምጣል። ከውጭ በሚመጣ ሰው ቀጭን ሽቦ ያለውን ያስመጡ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መንጠቆው ስለሚያንስ 12ና 14 ይዘዙ። ከዚያ ያነሰውን አልመክርም። ለዝንብ መሥሪያ ተብለው ከሚረቡ ዶሮዎች ከሚመጣው ላባ ጋር ሲነጻጸር የኛ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ አጭር፣ ጸጉሩም ረዘም ያለ ነው፤ በ14 ቁጥር ላይ እንኳ ለአንድ ዝንብ ሁለት ላባ ያስፈልጋል፤ የአዳምስ ቀይና ገብስማም እዚህ ላይ ይገጥማል። ልኩ የጸጉሩ ርዝመት ከመንጠቆው ጫፍ እስከ ዘንጉ ያለውን ክፍተት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል እንዲሆን ነው።

ክሩን እኔ የምገዛው ሐረር ልብስ ሰፊዎች ካሉበት «መኪና ግርግር» ከተባለው መንገድ ነው፤ የልብስ ስፌቱ ክር ስለሚወፍር ለጥልፍ መኪና የሚሸጠውን ቀጭን ፖሊስተር እጠይቃለሁ፤ ሰምም አሸዋለሁ። መንጠቆውን በትንሽ ሞርሳ አስሬ ክሩን እስከ ጅራቱ እወስዳለሁ፤ ለጅራት ከዚያው አንገት ስምንት ያህል ጠንካራ ጸጉር አስራለሁ፣ ርዝመቱም የዘንጉን ያህል ነው። ለሆድ ከአሮጌ ግራጫ የአክሪሊክ ሹራብ የፈታሁትን በጣቴ በስሱ ክሩ ላይ እጠመጥማለሁ፤ ጥጥ ውሃ ስለሚጠጣ አይሆንም። ጀማሪ የሚሳሳተው ሆዱን በማወፈር ነው። የአዳምስ ክንፍ ከላባ ጫፍ ይሠራል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ዝንቦች ግን ክንፉን ቢተዉት ዓሣው ቅር አይለውም። ከዚያ ሁለቱን ላባዎች የሚያብረቀርቀው ጎናቸው ወደ ፊት ሆኖ አስሬ፣ አንዱን በትንሽ መቆንጠጫ ይዤ አምስት ዙር፣ ሌላውን በመካከሉ እያወዛወዝኩ አምስት ዙር አዞራለሁ። ማወዛወዙ የመጀመሪያውን ጸጉር ከመጨፍለቅ ያድናል። ቋጠሮውን በባዶ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ጫፍ አሾልኬ ሦስት ጊዜ አጠብቅና አንድ ጠብታ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አደርግበታለሁ። ውሃው ዳር ስንደርስ በጣት ሞቃ የቀለጠች የሩዝ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን ጸጉሮቹን መቀባት ብቻ ይቀራል።

ዓሣው ራሱ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚፈልግ በእኛ በኩል አይገኝም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቅቋል፤ ዌብና ዳንካ የሚታወቁበት ናቸው። ከአዳማ በአሰላና ዶዶላ አድርገው ዲንሾ ሲደርሱ፣ ስለ ማጥመጃ ፈቃዱ መጀመሪያ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አሥራ ሁለት ዝንብ ይዤ ነበር። ላባውን እስከ መንጠቆው ቀዳዳ ድረስ ስለጠመጠምኩና የጥፍር ቀለሙም ቀዳዳውን ስለሞላው፣ ዳንካ ዳር በማለዳ ብርድ ጣቶቼ ደንዝዘው የዓሣ ክሩን ማሾለክ የቻልኩት በሁለቱ ብቻ ነው። አንዱን ዛፍ ወሰደው። አሁን ከቀዳዳው ኋላ የአንድ ቀዳዳ ስፋት ያህል ባዶ እተዋለሁ፤ ጣሳውን ከመክደኔ በፊትም እያንዳንዱን ቤቴ ቁጭ ብዬ በዓሣ ክሩ አሾልኬ አየዋለሁ።