ሼክስፒር ለከበዳቸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ዛው»፣ «ዚ»፣ «ዛይ» የሚሉትን ቃላት ሲያዩ ገና ከጅምሩ ተስፋ ይቆርጣሉ። ከየት ልጀምር?

ከአማርኛ ይጀምሩ። የዛሬው እንግሊዝኛ ሁሉንም «ዩ» ይላል፤ በሼክስፒር ዘመን ግን «ዛው» አንተ ወይም አንቺ፣ «ዩ» ደግሞ እርስዎ ወይም እናንተ ነበር። «ዚ» አንተን፣ «ዛይ» ያንተ ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈው የ«ሐምሌት»ን ሦስተኛ ገቢር፣ አራተኛ ትዕይንት ያስነብቡ። ንግሥቲቱ ልጇን በ«ዛው» «አባትህን እጅግ አስቀይመኸዋል» ትለዋለች፤ አባት ያለችው የእንጀራ አባቱን ነው። እሱም በ«ዩ» «እናቴ፣ አባቴን እጅግ አስቀይመዋል» ይላታል፤ የሞተውን አባቱን ማለቱ ነው። ቀጥላ እሷም «ዛው»ን ትታ «ዩ» ትለዋለች። እናት ልጇን ድንገት አንቱ ስትለው ምን እየሆነ ነው? ብለው ይጠይቋቸው። ይህን ለመመለስ የአዲስ አበባ ተማሪ ከለንደን ተማሪ ይቀድማል ብለን እናምናለን። ብቻ ልዩነቱ በዚያ ዘመን እየላላ ስለነበር በየስንኙ ሕግ አይፈልጉለት፤ አጠራሩ የሚቀየርበትን ቦታ ብቻ ያስምሩ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ ስፈልግ አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል።

መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው ዝጊው። መጀመሪያ የትዕይንቱን ጭብጥ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር አንብቢ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳያውቁ መግባት ነው የሚያደክመው። ቀጥሎ ትዕይንቱን ድምፅሽን አውጥተሽ ሳታቋርጪ አንብቢ። በሁለተኛው ንባብ ከአምስት የማይበልጡ ቃላት አስምሪና እነሱን ብቻ ፈልጊ። ስንኙ ባለቀበት ሁሉ አትቁሚ፤ ነጠላ ሰረዝ ወይም ነጥብ ያለበት ላይ ነው ትንፋሽ የሚወሰደው። ብዙዎች ሐሳቡ የሚጠፋባቸው እዚህ ላይ ነው። ስንኙ በአብዛኛው አሥር ቀለም አለው፤ በዚያ ልክ እንዲገባ ሲባል የቃላቱ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ስለዚህ ግሡን ፈልጊ፣ ከዚያ ባለቤቱን።

ከማታውቂያቸው ቃላት ይልቅ የምታውቂያቸው የሚመስሉሽ ያሳስቱሻል። «ዌርፎር» የት ሳይሆን ለምን ነው፤ ጁልየት ከላይ ሆና ሮሜዮን እየፈለገችው አይደለም፤ «ለምን ሮሜዮ ሆንክ?» እያለች የጠላት ቤተሰብ ስም መያዙ ነው የሚያንገበግባት። «ፕረዘንትሊ» አሁኑኑ ነው። «ስቲል» ብዙ ጊዜ ሁልጊዜ ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ ፊልሙን አስቀድመን ብናሳይስ?

ሙሉውን አይደለም። አንዱን ትዕይንት ካነበቡ በኋላ የሁለት የተለያዩ ተዋናዮችን አጨዋወት አምስት አምስት ደቂቃ ያሳዩ፤ የትኞቹ ስንኞች እንደተዘለሉ ተማሪዎቹ ጽሑፉ ላይ ይፈልጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነቡ ደግሞ «ማክቤዝ» ይሻላል፤ ከሼክስፒር ሰቆቃዎች አጭሩ እሱ ነው።

የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 9ኛ ክፍል «ሮሜዮና ጁልየት»ን እየተማረ ነው፤ የኔ እንግሊዝኛ ግን ለዚህ አይበቃም። ምን ላግዘው?

ብዙ ያግዙታል። ተውኔቱን ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ካገኙት አንድ ትዕይንት ቀድመው ያንብቡና ልጅዎ ያነበበውን በአማርኛ እንዲተርክልዎ ያድርጉ። የተምታታበት ቦታ ሲተርክ ይታወቃል። ስንኝ ለስንኝ ግን አያስተያዩ፤ ግጥም ሲተረጎም ቃል በቃል አይገጥምም።

ሰምና ወርቅንም ያስተምሩት። በሦስተኛው ገቢር የሮሜዮ ጓደኛ መርኩሽዮ በሰይፍ ተወግቶ ሊሞት ሲል «ነገ ብትጠይቁኝ ‹ግሬቭ› ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ» ይላል። «ግሬቭ» ኮስታራ ማለት ነው፤ መቃብርም ማለት ነው። ሰሙ ቀልደኛው ሰውዬ ነገ ኮስታራ ይሆናል የሚል ነው፤ ወርቁ ነገ መቃብር ይገባል። ኅብረ ቃሉን ልጅዎ ራሱ ያግኘው፤ አይንገሩት።